ኬንት ላይ መጋዘኑ ሳይሠራ በፊት፦ የጃፓኖቹ እርሻ የት ገባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዋሽንግተን ስቴት፣ ኬንት ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። የጃፓን ዘር ያላት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይሄ ሸለቆ በሙሉ ድሮ የጃፓኖች እርሻ እንደነበረ፣ አያቷም እዚሁ ያርስ እንደነበረና በጦርነቱ ጊዜ ሁሉን እንዳጡ ነገረችኝ። መንግሥት ወርሶባቸው ነው? ካሳ አላገኙም? ዛሬ የሚታይ ነገር ቀርቷል? አያቷ ያረሰበትን ቦታ ፍለጋ ላግዛት ብል ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ስቴት የቦታ ታሪክ ከመዝገብ እያጣራሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። ስለዚህ ረዘም ቢልብህ አትቀየመኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ወርሶባቸው ነው?» ላልከው። ከጥቂቶቹ አዎ፣ ከአብዛኞቹ ግን አልወረሰም። መንግሥት የወሰደው ሰዎቹን ነው። ሰው ከሌለ በኋላ ሊዙ ተሰረዘ፣ ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ ሐራጅ ወጣ፣ ባለአደራ የተባለው በላው፣ ወይም እነሱ ራሳቸው ሊሄዱ ሲሉ በማይረባ ዋጋ ጣሉት። ይሄ ሁሉ እንዲህ የቀለለው ግን ከጦርነቱ ሃያ ዓመት በፊት በተሠራ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ጃፓን የአሜሪካን ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከመታችበት ከዲሴምበር 1941 ይጀምረዋል። እኔ የምጀምረው «ካርታው በማን ስም ነበር?» ከሚለው ነው፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል።

በ1790 የወጣው የአሜሪካ ዜግነት ሕግ ከውጭ የመጣ ሰው ዜጋ መሆን የሚችለው ነጭ ከሆነ ብቻ ነው ይል ነበር። በ1870 አፍሪካ የተወለዱና የአፍሪካ ዘር ያላቸው ተጨመሩ። እስያ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ልብ በል፣ በዚያ ሕግ እኔና አንተ ዜግነት መጠየቅ እንችል ነበር፣ ከዮኮሃማ በመርከብ የመጣው ገበሬ ግን አይችልም። ታካኦ ኦዛዋ የሚባል ሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። እንግሊዝኛው ጥሩ፣ ትምህርቱ እዚሁ፣ ልጆቹም እዚሁ የተወለዱ። በ1922 «ነጭ አይደለህም» ተብሎ ተዘጋ።

የመሬት ሕጎቹ የተሠሩት በዚህ ላይ ተንጠላጥለው ነው። «ጃፓናዊ» የሚል ቃል የለባቸውም፤ የካሊፎርኒያው «ዜጋ ለመሆን የማይበቃ የውጭ ሰው» ነው የሚለው፣ የዋሽንግተኑ ደግሞ «ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በቅንነት ያላስመዘገበ የውጭ ሰው»፤ ጃፓን የተወለደ ሰው ደግሞ ማስመዝገብ አይችልም። ካሊፎርኒያ በ1913 አወጣ። ዋሽንግተን ደግሞ በ1921 መግዛቱን ብቻ ሳይሆን መከራየቱንም ከለከለ። ሰዉ በልጆቹ ስም ማድረግ ሲጀምር በ1923 ያንንም በር ዘጉት፤ ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ስም ያለ መሬት የአባትየው ነው ተብሎ ይገመታል አሉ። እዚሁ ኬንት ባለበት ኪንግ ካውንቲ ያሉ ነጭ ባለመሬቶች «መሬታችንን ለጃፓናዊ ማከራየት እንፈልጋለን» ብለው ቢከሱም በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው።

ታዲያ እንዴት አረሱ? እንደምንም። እዚህ ተወልዶ ዕድሜው በደረሰ ልጅ ስም፣ ወይ ልጁ የደረሰለት የጎረቤት ሰው ካለ በእሱ ልጅ ስም። በነጭ ወዳጅ ወይም በጠበቃ ስም። በወረቀት ላይ «ተቀጣሪ ሠራተኛ» ተብሎ፣ በተግባር ግን የእኩል እያረሰ። አዲስ አበባ ላይ በዘመድ ስም ቤት ያስገዛ ሰው ይሄ ስጋት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ወዳጅየው እስካለና እስካልካደ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

የሚያርሱት መሬት ደግሞ የተዘጋጀ እርሻ እንዳይመስልህ። ዛሬ የመስታወት ሕንጻ የቆመበት የሲያትል ጎረቤት ቤልቪው ያኔ የተጨፈጨፈ ደን ነበር። ግንድ ቆራጮች ዛፉን ወስደው ጉቶውን ትተውት ሄደዋል። የዚህ አገር የጥድ ጉቶ አንዳንዱ ላይ አራት አምስት ሰው ይቆምበታል። ሥሩን ቆፍረህ ድማሚት ታስገባለህ፣ ታፈነዳለህ፣ የቀረውን በፈረስ ትጎትታለህ፣ ታቃጥላለህ፣ እንደገና ትቆፍራለህ። ባለመሬቱ ከ1921 በፊት «አምስት ዓመት እረስ፣ ጉቶውን አንሣልኝ» ብሎ ይሰጣል። ውሉ ሲያልቅ የጸዳ እርሻ ይረከባል፣ ገበሬው ደግሞ ሌላ ጉቶ ፍለጋ ይሄዳል። ቤልቪው የእንጆሪ ፌስቲቫል ነበራት፣ ከ1925 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር። እንጆሪውን የሚያመርቱት በአብዛኛው ጃፓኖቹ ነበሩ። በ1942 ፌስቲቫሉ ቀረ፤ የሚያመርተው ሰው የለማ።

አንተ ያለህበት ሸለቆ፣ ከኬንት እስከ ኦበርን ያለው፣ መጀመሪያ የከብት እርባታ ነበር። የሲያትል ወተት ትልቅ ክፍል ከጃፓኖቹ ላሞች ነበር የሚመጣው። የ1921ዱ ሕግ ሲመጣ ብዙዎቹ ላሙን ትተው ወደ አትክልት ዞሩ፤ ለላም በረትና የዓመታት ዋስትና ያስፈልጋል፣ ሰላጣና ጎመን ግን በወራት ይደርሳል። የሲያትሉ ፓይክ ፕሌስ ገበያ ላይ ከጦርነቱ በፊት አትክልት ከሚሸጡት ገበሬዎች አብዛኞቹ ጃፓኖች ነበሩ። (ከእነሱ በፊት ደግሞ ሸለቆው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማክልሹቶች ነበር። ጥበቃ የተደረገላት የቀረች መሬታቸው ዛሬም ኦበርን አጠገብ አለች። የመሬት ታሪክ ስታነሣ አንድ ንብርብር ብቻ አታገኝም።)

አንድ ቁጥር ልስጥህ። በ1940 በምዕራብ ጠረፍ ያለ እርሻ በአማካይ በኤከር 38 ዶላር ያህል ይገመት ነበር። ጃፓኖቹ የሚያርሱት ግን 280 ዶላር። ልዩነቱን የፈጠረው እጃቸው ነው። ማን ዓይኑን እንደጣለበት ለመገመት አይከብድህም። የካሊፎርኒያው ሳሊናስ አትክልት አምራቾች ማኅበር ሰው በ1942 ለአንድ ትልቅ መጽሔት ሲናገር «ለጥቅማችሁ ነው ይሉናል፤ እውነቱን እንናገር፣ አዎ ለጥቅማችን ነው» በሚል መንፈስ በግልጽ አስቀመጠው። ቢያንስ አልዋሸም።

ወደ 1942 እንምጣ። ፐርል ሃርበር በተመታ በሰዓታት ውስጥ ኤፍቢአይ የማኅበረሰቡን ሽማግሌዎች፣ የቋንቋ መምህራንንና መነኮሳትን ሰብስቦ አሰረ። ጃፓን የተወለዱት ሰዎች የባንክ ሒሳብ ታገደ። ብዙ ቤት አባትም ገንዘብም በአንድ ሳምንት አጣ፤ እርሻው በእናትና በልጆች እጅ ወደቀ። የካቲት ላይ፣ ፌብሩዋሪ 19፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጦሩ ሰዎችን ከጠረፉ እንዲያስነሣ የሚፈቅደውን፣ 9066 የሚባለውን ትእዛዝ ፈረመ። ማርች 30 ቀን ሲያትል ማዶ ካለችው ቤይንብሪጅ ደሴት 227 ሰዎች ተነሡ። የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። የተሰጣቸው ጊዜ ስድስት ቀን ነበር። የአንተ ሸለቆ ሰዎች ሜይ ላይ ባቡር ተጫኑ። አብዛኞቹን ካሊፎርኒያ፣ ፓይንዴል ጊዜያዊ ማቆያ ወሰዷቸው፣ ከዚያ ቱሊ ሌክ የሚባል እስር ካምፕ። የሲያትሎቹ ፑያሉፕ የትርዒት ሜዳ ላይ ከከረሙ በኋላ ወደ አይዳሆ፣ ሚኒዶካ ካምፕ ተላኩ። በጠቅላላ ወደ 120 ሺህ ሰው ነው፤ ከሦስት ሁለቱ እዚሁ የተወለደ ዜጋ።

ማርችና ሜይ የሚሉትን ወራት እንዲሁ አትለፋቸው። እንጆሪ ስትተክል የመጀመሪያውን ዓመት አበባውን እየለቀምክ ትጥላለህ፣ ተክሉ ሥር እንዲይዝ። ፍሬ የሚባለው የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ ነው። እስከዚያ ማዳበሪያው በዱቤ፣ ሳጥኑ በዱቤ፣ የለቃሚው ደሞዝ ከሽያጭ በኋላ። ስለዚህ አምና ተክሎ ሜይ ላይ የተነሣ ገበሬ የሁለት ዓመት ወጪ አውጥቶ አንድ ሳንቲም ሳያስገባ ነው የሄደው። ሰላጣውም እንደዚያው፣ ሊቆረጥ ሳምንታት ሲቀሩት። እስከ መጨረሻዋ ቀን አርሱ፣ ኮትኩቱ፣ አዝመራውን ችላ ያለ እንደ አሻጥረኛ ይቆጠራል ተብሎም ተነግሯቸዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዱ እንጆሪውን ለመልቀም አንድ ቀን ጨምሩልኝ ብሎ ሲከለከል ማሳውን ገልብጦ አረሰው። አሰሩት።

ዕቃቸውን ሊገዛ የሚመጣው ሰው ያንን ያውቃል። «ነገ ትሄዳላችሁ፣ ትራክተሩን በዚህ ዋጋ ካልሰጣችሁኝ ከነገ ወዲያ በነጻ እወስደዋለሁ» የሚል ዓይነት ግብይት ነበር። የመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት ርክክቡን እንዲያስተባብር ተመድቦ ነበር፣ ግን ዋና ጭንቀቱ ማሳው ጦም እንዳያድር ነበር። የገበሬው ጥቅም ሁለተኛ ነው። የቤት ዕቃቸውን ብዙዎቹ ቤተ መቅደስና ጎተራ ውስጥ ቆልፈው ሄዱ። ሲመለሱ ቁልፉ ተሰብሮ ጠበቃቸው።

ሁሉም ግን አልጠፋም፣ ይሄንንም ማወቅ አለብህ። ሳክራሜንቶ አጠገብ ፍሎሪን በምትባል ቦታ ቦብ ፍሌቸር የሚባል የእርሻ ተቆጣጣሪ ሥራውን ለቅቆ የሦስት ጃፓን ቤተሰቦችን ወይን አረሰ፣ ግብራቸውንና ዕዳቸውን ከፈለ፣ ትርፉን በሙሉ ውሰድ ሲሉት ግማሹን ብቻ ወሰደ። ቤይንብሪጅ ላይ ደግሞ ከአንዳንዶቹ ጋር ይሠሩ የነበሩ ፊሊፒኖዎች እርሻውን ጠበቁላቸው፤ የደሴቷ ጋዜጣም ገና ከጅምሩ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ጻፈ፣ ካምፕ ካሉት ልጆች ዜና እየተቀበለ የማን ልጅ ተወለደ፣ ማን አገባ እያለ ያትም ነበር። ከዚያች ደሴት ከተነሡት ከግማሽ በላይ ተመለሱ።

አንተ ያለህበት ሸለቆ ግን የተመለሰው ጥቂት ነው። ጃንዋሪ 1945 መመለስ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የኬንት ከንቲባ «ጃፓኖች እዚህ እንዲመለሱ አንፈልግም» የሚል ማስታወቂያ በጣቱ እያሳየ ፎቶ ተነሥቷል። እኔ እንደሚመስለኝ የሁለቱ ቦታ ልዩነት የሰው ክፋትና ደግነት ብቻ አይደለም። ደሴቷ ላይ የራሱ መሬት፣ በልጁ ስም ቢሆንም፣ የነበረው ሰው ቀላል አልነበረም። ሸለቆው ላይ ግን አብዛኛው በኪራይና በእኩል ነበር። ሊዝ የተሰረዘበት ሰው ምኑ ጋ ይመለሳል? አዲሱ አራሽ ማሳው ላይ ሦስት ዓመት ከርሟል።

ካሳውን በተመለከተ። በ1948 የካሳ ሕግ ወጣ። የጠፋብህን ንብረት በማስረጃ አሳይ፣ በ1942 ዋጋ እናስብልሃለን፣ ወለድ የለም ይላል። ማስረጃ! ሁለት ሻንጣ ይዞ ባቡር የተጫነ ሰው የፈረስ ዕቃ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱም የእነዚያን ዓመታት መዝገቦቻቸውን አስወግዶ ነበር። ሊገኝ ይችል የነበረ ትርፍ እንደ ኪሳራ አልተቆጠረም።  የተጠየቀው ወደ 148 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የተከፈለው 38 ሚሊዮን ገደማ። የመጨረሻው ፋይል የተዘጋው በ1965 ነው። ከዚያ በ1988 ሬገን በፈረሙት ሕግ በሕይወት ላለ ለእያንዳንዱ 20 ሺህ ዶላርና የይቅርታ ደብዳቤ ተሰጠ። ያ ለታሰሩበት ነው፣ ለእርሻው አይደለም። ጉቶ የነቀለው ትውልድ ደግሞ በዚያን ጊዜ አብዛኛው አልፏል። የዋሽንግተን የመሬት ሕግ ራሱ የተሻረው በ1966 ነው። ጃፓን የተወለዱት ዜግነት መውሰድ የቻሉት ከ1952 በኋላ ስለሆነ ለአሥራ አራት ዓመት ሕጉ ባዶ ቀፎ ሆኖ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሸለቆው መጋዘን የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። ግሪን ሪቨር በየጊዜው ይሞላ ነበር። ለአፈሩ ጥሩ ነው፣ ለሕንጻ ግን አይሆንም። በ1962 ከላይ ግድብ ተሠራ፣ ጎርፉ ቆመ፣ ቦይንግ ገባ፣ መጋዘኑ ተከተለ። ያ ሁሉ ጥቁር አፈር አስፋልት ሥር ነው።

የሚታይ ነገር ቀርቷል ወይ? አለ፣ ግን ወደ እርሻ የሚመስል ነገር ስትፈልግ ታልፈዋለህ። ኦበርን ላይ ኒሊ ማንሽን የሚባል በ1894 የተሠራ የእንጨት ቤት አለ። የስዊስ፣ የጃፓን፣ የፊሊፒኖ ተከራይ ገበሬዎች በየተራ ኖረውበታል። ከጀርባው የጃፓኖቹ ቤተሰብ የሠራው ትንሽ የመታጠቢያ ቤት ታድሶ ቆሟል። ለእኔ ከትልቁ ቤት ይልቅ እሱ ነው የሚናገረው። የሰው መሬት፣ የሰው ቤት፣ ግን ማታ ከማሳ ሲገቡ ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚገቡባት ክፍል የራሳቸው።

ቫሾን ደሴት ላይ ደግሞ የሙካይ እርሻ አለ፤ ጊዜ ካለህ እሱን አትለፈው። አባትየው በ1926 መሬቱን የገዛው ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ በነበረው ልጁ ስም ነው፣ ሕጉ ቢደርስበት ሊነጠቅ እንደሚችል እያወቀ። እንጆሪውን በስኳር ለውሶ በርሜል ውስጥ እያቀዘቀዘ ለጃምና ለአይስክሬም ፋብሪካዎች የሚልክበት ሕንጻ ዛሬም አለ። ሚስቱ ኩኒ ሙካይ የነደፈችው የአትክልት ስፍራም ታድሷል። ያኔ ሴት እንዲህ ያለ ስፍራ መንደፏ ያልተለመደ ነበር። ቤተሰቡ በ1942 ግዴታው ሳይደርስ፣ በፈቃድ መውጣት በሚቻልባት አጭር ጊዜ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ጎረቤት ማሳውን ያዘላቸው፤ ተመለሱ። ወረቀት፣ ገንዘብና ታማኝ ጎረቤት አንድ ላይ ከተገኙ የሚተርፍ ነገር እንዳለ ማሳያ ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙለት ግን ስንቱ ነው።

ሲያትል፣ ሬይኒየር ቢች ያለውን ኩቦታ ጋርደን የሐበሻ ሰርገኛ ሁሉ ያውቀዋል። ፉጂታሮ ኩቦታ በ1927 ረግረጉን በወዳጅ ስም ገዝቶ የጀመረው ነው። እሱ ሚኒዶካ ታስሮ ሳለ ቦታው ዳዋ በላው፣ ተመልሶ እንደገና ሠራው፣ ከተማዋ በ1987 ገዛችው። ነጻ ነው፣ ግባና እየው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ባልደረባህን መጀመሪያ የአያቷን ስም በሁሉም አጻጻፉ ጠይቃት፣ መዝጋቢው እንደሰማው ነው የጻፈው። የአጎትና የአክስት ስምም ያስፈልግሃል፣ መሬቱ በእነሱ ስም ሊሆን ይችላልና። ከዚያ የ1940ን የሕዝብ ቆጠራ ክፈቱ፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ገጹ ላይ ቤቱ የራስ ነው ወይስ ኪራይ፣ እርሻ ላይ ነው ወይ የሚሉ ዓምዶች አሉ። ከላይና ከታች የተጻፉትን ጎረቤቶች ገልብጡ፣ ኋላ ይጠቅሟችኋል። የ1950ውም ተከፍቷል፤ ያንኑ መንገድ ፈልጋችሁ ማን እንደገባበት እዩ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይነግራል።

ቀጥሎ የቦታው ቁጥር። አያቷ ያረሱበትን መንገድ ካወቃችሁ፣ ዛሬ እዚያ ያለውን መጋዘን በካውንቲው ድረ ገጽ ፈልጉና የፓርሰል ቁጥሩን ያዙ። ኪንግ ካውንቲ ከ1937 ጀምሮ ለግብር ብሎ እያንዳንዱን ሕንጻ ፎቶ አንሥቷል። ካርዶቹ ቤልቪው ያለው የስቴቱ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ ውስጥ ናቸው። ፎቶው ላይ የቦታው መለያ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። እኔ ሥራዬ ላይ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው ሳያስበው በረቱን፣ የእንጨት ክምሩን፣ አንዳንዴም በር ላይ የቆመ ልጅ አንሥቶ አስቀርቷል። የ1936 የአየር ላይ ፎቶም በካውንቲው ካርታ ላይ ዛሬ ካለው ጋር ተደርቦ ይታያል። የማሳው ቅርጽ ይለያል።

የዝውውር ሰነዱን ስትከፍቱ ግን የአያቷን ስም ካጣችሁት አትደንግጡ። የጠበቃ ወይም የማታውቁት ሰው ስም ይኖራል። ያኔ የገለበጣችሁትን የጎረቤት ዝርዝር አውጡ። ብዙ ጊዜ ካርታው ላይ ያለው ሰው ወይ ጎረቤት ነው ወይ የጎረቤት ዘመድ። የካምፕ መዝገቡ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ የመጨረሻ አድራሻና የሥራ ዓይነት ይዟል። የካሳ ክስ ያቀረቡ ከሆነ ደግሞ የዚያ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ እሱ ከተገኘ ወርቅ ነው፣ ምን ያህል ረድፍ እንጆሪ፣ ስንት ፈረስ፣ ስንት ሳጥን የሚለውን ገበሬው ራሱ ስለሚዘረዝረው። ሲያትል ያለው ዴንሾ የሚባለው ድርጅት ደግሞ የእነዚያን ሰዎች ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ አስቀምጧል፤ የጎረቤቶቿን ስም እዚያ ፈልጉ። የኦበርኑን የዋይት ሪቨር ቫሊ ሙዚየምም ጠይቁ፣ የሸለቆውን ቤተሰቦች ያውቃሉ። ቤተ መዛግብቱ ግን ቀጠሮ ይፈልጋል፣ እንዲሁ ሄዳችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ፣ የፓርሰል ቁጥሩን በኢሜይል አስቀድማችሁ ላኩላቸው።